የአንጾኪያው ማዕድ፤ ስለ ግብዝነት የተጻፈውን የገላትያ መልእክት ምዕራፍ 2 አንዳንዶች ስለ ተረጐሙበት መንገድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

ስለ ግብዝነት ለማስተማር የሚነሣ ሰባኪ ሁሉ አስቀድሞ የሚገልጠው የማቴዎስን ወንጌል ምዕራፍ 23 ነው። በዚያ ጌታችን ጻፎችንና ፈሪሳውያንን ደጋግሞ እንደ ወቀሳቸው፣ የጽዋውን ውጭ አጥርተው ውስጡን እንደ ተዉ፣ በኖራ በተለሰነ መቃብርም እንደ መሰላቸው ይነገራል። ስብከቱ መልካም ነው፤ ነገሩም የጌታ ነገር ነው። ዳሩ ግን ሕዝቡ ከዐውደ ምሕረቱ ሲበተን ፊቱን የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ የከፋው የለም። ፈሪሳዊ የተባለው በኢየሩሳሌም የነበረ፣ የልብሱን ዘርፍ ያስረዘመ፣ ከሞተም ብዙ ዘመን ያለፈው ሰው ነውና፣ እርሱ ሲነቀፍ የሰማ ሁሉ የሌላ ሰው ዕዳ ሲነበብ እንደ ሰማ ሆኖ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጎረቤቱን አስቦ ይህ ስብከት ለእገሌ ነበር የሚልም አይታጣም። እኔም በዚህ ምዕራፍ ሳስተምር ብዙ ዓመት ኖሬ፣ አስተምሬ ስወርድ ከሁሉ ይልቅ ደስ ያለኝ እኔ ነበርሁ።

ስለዚህ በዚህች ጽሑፍ ወደ ሌላ ስፍራ እንሂድ፤ ይኸውም ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 2 ከቍጥር 11 እስከ 14 ያለው ነው። በዚህ ስፍራ በግብዝነት የተነቀፈው ፈሪሳዊ አይደለም፤ ሐዋርያ ነው። ሐዋርያም ብቻ አይደለም፤ የሐዋርያት አለቃ ነው። ከዚህም የተነሣ ብዙዎች ተርጓሚዎች ንባቡ ከብዷቸው ሊያቀሉት ደከሙ። የማቅለሉ ድካም የት እንዳደረሳቸው፣ እኛስ በእርሱ ምን እንዳጣን መመርመር ይገባል።

አስቀድመን ታሪኩን እናስታውስ። አንጾኪያ የሶርያ ታላቅ ከተማ ነበረች፤ ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ ክርስቲያን ተብለው የተጠሩባትም እርሷ እንደ ሆነች የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 11 ይነግረናል። በዚያ ከአይሁድ ወገን ያመኑና ከአሕዛብ ወገን ያመኑ በአንድ ማዕድ ይቀመጡ ነበር። ጴጥሮስም ወደዚያ በመጣ ጊዜ ከአሕዛብ ጋራ ይበላ ነበር። ከያዕቆብ ዘንድ አንዳንድ ሰዎች በመጡ ጊዜ ግን ከተገረዙት ወገን የሆኑትን ፈርቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ከማዕዱም ተለየ። የቀሩት አይሁድ ተከተሉት። የጳውሎስ የመንገድ ባልንጀራ በርናባስ እንኳ ሳይቀር አብሯቸው ተሳበ። ጳውሎስም ይህን ባየ ጊዜ ጴጥሮስን በሁሉ ፊት ተቃወመው።

ጴጥሮስ እውነቱን ስላላወቀ ነውን ቢሉ፣ አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ ያወቀው እርሱ ነበር። በኢዮጴ በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት በእንግድነት ተቀምጦ ሳለ፣ አራት እግር ያላቸውና የሚሳቡ የሞሉበት ታላቅ ሸማ የሚመስል ዕቃ ከሰማይ ሲወርድ አየ፤ እግዚአብሔር ያነጻውን እንዳያረክስም ሦስት ጊዜ ተነገረው። (በአገራችን ፋቂ የተባለ ሰው እንዴት እንደሚታይ የሚያውቅ አንባቢ፣ እግዚአብሔር ይህን ራእይ ለማሳየት የመረጠው ቤት የማን ቤት እንደ ነበረ ሳያስተውል አይለፍ።) ከዚያም ወደ ቂሣርያ ሄዶ በመቶ አለቃው በቆርኔሌዎስ ቤት፣ እግዚአብሔር ለሰው ፊት እንደማያደላ በገዛ አፉ መሰከረ። ወደ ኢየሩሳሌም ተመልሶም ካልተገረዙ ሰዎች ጋራ ስለ ምን በላህ ብለው የተከራከሩትን አስረድቶ ዝም አሰኛቸው።

ሃይማኖቱም በአንጾኪያ አልተለወጠም። አሕዛብ ርኩሳን ናቸው ብሎ አላስተማረም፤ እንዲያውም ምንም እንደ ተናገረ አልተጻፈም። አፉ አልሳተም፤ የሳተው እግሩ ነው። ጳውሎስ በግሪኩ ንባብ የጻፈው ቃልም ይህንኑ ያመለክታል፤ ወደ ወንጌል እውነት በቀና እግር አለመሄዳቸውን ነው የተናገረው።

እንኪያስ ስለ ምን ፈራ? ይህ ሰው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4 በሊቃነ ካህናትና በሽማግሎች ሸንጎ ፊት ቆሞ ያልፈራ ሰው ነው። በሸንጎ ያልፈራ በማዕድ ፈራ። ምነው ቢሉ፣ በሸንጎ የተቀመጡት ጠላቶቹ ናቸው፤ ከያዕቆብ ዘንድ የመጡት ግን የገዛ ወገኖቹ፣ የሚያከብሩትና ስሙን ወደ ኢየሩሳሌም የሚመልሱ ሰዎች ናቸው። ጠላት ሥጋን ይይዛል፤ ወዳጅ ግን ስምን ይይዛል። ሥጋውን ለእሳት የሚሰጥ ጽኑ ሰው፣ ወዳጆቹ በእርሱ እንዳያዝኑ ብሎ ከእውነት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲል አይተናል።

አሁን በማቴዎስ ወንጌል ከተነገረው ግብዝነት የዚህኛው ልዩነት ይታይ። በዚያ ክፉው ሰው መልካም መስሎ ይታያል። በአንጾኪያ ግን መልካሙ ሰው መልካምነቱን ሸሸገ። የመጀመሪያውን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን ትሕትና፣ ትዕግሥት፣ ሰውን አለማሰናከል፣ ሥርዓት መጠበቅ የሚባሉ ስሞች ስላሉት፣ ባለቤቱ ራሱ ግብዝነት መሆኑን ሳያውቀው ዘመኑን ይጨርሳል። በእኛ በካህናትና ማዕርግ ባላቸው ምዕመናን ዘንድ የሚበዛው ይህ ሁለተኛው ነው።

የቃሉም ነገር ይረዳናል። በግሪክ ቋንቋ ግብዝ የሚባልበት ቃል፣ በጨዋታ ስፍራ ጭምብል አጥልቆ የሌላውን ሰው ነገር የሚናገረውን ተጫዋች የሚጠሩበት ነው። በግእዙ ግን መድልው ይባላል፤ ሲበዛ መድልዋን። ሥሩ አድለወ ነው። በአማርኛ አደላ፣ አድልዎ የምንለው ከዚያው ቤት የወጣ ነው፤ በግእዝም ሚዛን መዳልው ይባላል። የግሪኩ ቃል ወደ ፊት ይመለከታል፤ ጭምብል አለበትን የለበትምን ብሎ። የግእዙ ግን ሚዛን ወደ ያዘው እጅ ይመለከታል። እኔ ስለ ቋንቋዬ ባዳላም (በዚህ ስፍራ ማዳላት ካልተነወረብኝ) የግእዙ ወደ አንጾኪያ ማዕድ ይልቁን የቀረበ ይመስለኛል። በቆርኔሌዎስ ቤት እግዚአብሔር አያደላም ብሎ የመሰከረ ሰው፣ በአንጾኪያ እንግዶች ሲመጡ ሚዛኑ አጋደለበት። ፊቱ አልተለወጠም ይሆናል፤ የተለወጠው ለማን ቦታ እንደሚሰጥ ነው። ያዕቆብም በመልእክቱ በምዕራፍ 2 ወርቅ ቀለበት ያደረገውንና ያደፈ ልብስ የለበሰውን ድኻ ባነሣበት ስፍራ የሚወቅሰው ይህንኑ ነው።

ወንድሞቼ ካህናት ሆይ፣ የንስሐ አባት ለድኻው አርባ ቀን ስግደት አዝዞ፣ ለባለጸጋው ግን ያንኑ ኃጢአት በጥቂት ምጽዋት ሲያሳልፍለት ጭምብል አላጠለቀም። ልብሱም መስቀሉም እውነተኛ ነው። ነገር ግን መድልው ነው። ባለጸጋውም ይህን ያውቃል፤ ያውቃልና የንስሐ አባቱን ይወደዋል፤ ይወደዋል እንጂ አያምነውም። በሞቱ ሰዓት የሚጠራው ሌላ ካህን መሆኑን ያየ ይመሰክራል።

ወደ ተርጓሚዎቹ እንመለስ። የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ የጻፈው አውሳብዮስ እንደሚነግረን፣ የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ በአንጾኪያ የተወቀሰው ኬፋ ሌላ ሰው ነው፣ ከሰባው አርድእት አንዱ የሆነ የጴጥሮስ ሞክሼ ነው ብሏል። ይህ ብዙ አያዘገየንም። ጳውሎስ በዚያው ምዕራፍ ከቍጥር 7 እስከ 9 አንዱን ሰው አንድ ጊዜ ጴጥሮስ፣ አንድ ጊዜ ኬፋ እያለ ይጠራዋል። የተወቀሰውም ከሰባው አንዱ ቢሆን ኖሮ፣ በርናባስን የሚያህል ሰው ተከትሎት ባልተሳበ ነበር።

የሚከብደው ሁለተኛው ትርጓሜ ነው፤ የሚከብደውም ባለቤቱ ስለሚከብር ነው። በዚያችው በአንጾኪያ የተወለደውና በቅስና ያገለገለባት ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ፣ ነገሩ በሁለቱ ሐዋርያት መካከል በምክር የተደረገ ነው ብሎ አስተማረ። እንደ እርሱ ነገር፣ ከአይሁድ ወገን ያመኑት የጳውሎስን ትምህርት አይቀበሉም ነበርና፣ ጴጥሮስ የሳተ መስሎ ወደ ኋላ አለ፤ ጳውሎስም የተቈጣ መስሎ ወቀሰው፤ ጴጥሮስ ተወቅሶ ዝም ባለ ጊዜ ተከታዮቹ በእርሱ ዝምታ ተማሩ። ሄሮኒሞስም በ387 በአውሮፓ አቈጣጠር ገደማ በጻፈው የገላትያ ትርጓሜ ይህንኑ መንገድ ተከተለ። ምክንያታቸው ያሳዝናል እንጂ አያስነቅፍም። ጶርፊርዮስ የተባለ የክርስቲያን ጠላት ፈላስፋ፣ አለቆቻቸው እርስ በርሳቸው ተጣሉ እያለ ይሣለቅ ነበርና የሐዋርያትን ክብር ሊጠብቁ ወደዱ።

በአፍሪቃ የሂፖ ኤጲስ ቆጶስ የሆነው አውግስጢኖስ ግን ከ395 ገደማ ጀምሮ ለሄሮኒሞስ እየጻፈ ይህን ትርጓሜ ተቃወመ። (የደብዳቤው ዕድል የሚያስገርም ነው። አንደኛው ወደ ቤተ ልሔም ሳይደርስ ግልባጩ በኢጣልያ በብዙ ሰው እጅ ተነበበና፣ ሄሮኒሞስ ወቀሳውን ከሌላ ሰው ሰምቶ እጅግ ተቈጣ። በሁሉ ፊት ስለ መወቀስ የተጻፈ ደብዳቤ በሁሉ ፊት ወቀሰው።) የአውግስጢኖስ ነገር አጭር ነው። ጳውሎስ በዚያው መልእክት በምዕራፍ 1 የሚጽፈው ሐሰት እንዳይደለ እግዚአብሔርን ምስክር አድርጎ ምሏል። ከመሐላው በኋላ ጥቂት ሳይርቅ፣ ጴጥሮስ በእውነት ሳይሳሳት ተሳሳተ ብሎ ጽፏል ካልን፣ ከመጽሐፍ የትኛውን ገጽ እናምናለን?

ሄሮኒሞስ በ404 ሲመልስ፣ ጳውሎስ ራሱ ጢሞቴዎስን ገርዞ የለምን፣ በክንክራኦስም ራሱን ተላጭቶ የለምን፣ ታዲያ በገዛ ሥራው ጴጥሮስን እንዴት ከልቡ ይወቅሰዋል አለ። ይህ ብርቱ ክርክር ነው። ነገር ግን በጢሞቴዎስ መገረዝ ከማዕድ የተባረረ ሰው አልነበረም። በአንጾኪያ ግን ትናንት ወንድም ተብሎ ከሐዋርያ ጋራ የበላ አሕዛባዊ፣ ዛሬ እንግዳ ሲመጣ ብቻውን ቀረ። የልማድ ነገር አንድ ነው፤ የወንድም ነገር ሌላ ነው።

እኔ ታናሹ በአፈወርቅ ትምህርት ያደግሁ፣ በዚህ ስፍራ ግን ከአውግስጢኖስ ወገን ነኝ። ይህንም የምለው ስለ መጽሐፍ እውነት ብቻ አይደለም፤ ስለ መድኃኒቱም ነው። ግብዝነት በሽታው መምሰል ነው። ጳውሎስ የተቈጣ መስሎ፣ ጴጥሮስ የሳተ መስሎ ከነበረ፣ በጭምብል የመጣውን በሽታ በጭምብል ሊፈውሱት ሞከሩ ማለት ነው። የቅዱሳን ክብር ይነካል ለሚል ሰውም፣ የዚያው የጴጥሮስ ክህደት በአራቱም ወንጌላት ተጽፎ በሰሙነ ሕማማት ጮክ ብለን እናነበዋለን፤ የዳዊትንም ኃጢአት በመዝሙር 50 በየዕለቱ እንደግመዋለን፤ በዚህ ክብራቸው ጐደለን?

ነገሩን በመጽሐፍ ብቻ እንዳልመረመርሁት ለመግለጥ የራሴን ነውር እናገራለሁ። በቆሎ ተማሪነቴ ዘመን ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቤ በምለምንበት አገር፣ ከመንደሩ ዳር የሚኖሩ ባልና ሚስት ነበሩ። ባል ቀጥቃጭ፣ ሚስት ሸክላ ሠሪ ናቸው። የመንደሩ ሰው ማረሻውን ከእርሱ፣ ምጣዱን ከእርሷ ይገዛል፤ ከቤታቸው ገብቶ ግን እህል አይቀምስም። ስለ ዓይናቸው የሚባለውንም አንባቢ ያውቀዋል። በአንድ ክረምት ንዳድ ይዞኝ ከበራቸው ወደቅሁ። ሁለት ሳምንት ከቤታቸው አስተኝተው፣ አጥሚት እያጠጡ አስታመሙኝ። ከዚያም በኋላ አገሩን እስክለቅ ድረስ ከማዕዳቸው እበላ ነበር፤ ሁለቱም ልጄ ይሉኝ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ የመምህርነት ስም ይዤ ለንግሥ በዓል ወደዚያው አገር ተጠራሁ። ከቅዳሴ በኋላ በዳሱ ውስጥ ከሊቃውንቱና ከአገሩ ታላላቆች ጋራ ተቀምጬ ሳለ፣ ያ ቀጥቃጭ ሸምግሎ በዳሱ በር ቆሞ አየኝና ልጄ ብሎ ጠራኝ። ድምፁን ዐወቅሁት። በቀኜ የተቀመጡት ባለጸጋ ማነው ይህ አሉኝ። እኔም፣ በተማሪነቴ ቍራሽ ይሰጠኝ የነበረ ሰው ይሆናል፣ አላስታውሰውም አልሁ። ሽማግሌው ሰማ። ምንም ሳይናገር ሄደ።

በዚያ የጮኸ ዶሮ አልነበረም፤ የኔታ ነበሩ እንጂ። ቅኔ ያስተማሩኝ መምህሬ ከዚያው ማዕድ ተቀምጠው ነበርና በሁሉ ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "አንተ ልጅ፣ ሁለት ሳምንት ያስታመመህን ሰው አላውቀውም አልህን? ተነሥና ጥራው፤ እርሱ ካልገባ እኔ እወጣለሁ" አሉ። ዳሱ ጸጥ አለ። ተነሥቼ ወጣሁ፤ ሽማግሌው ግን ርቆ ነበር። የኔታም እንዳሉት ተነሥተው ወጡ።

ያን ሌሊት ያዘንሁት ስለ ሽማግሌው አልነበረም፤ በየኔታ ተቈጥቼ ነበር። ለአንድ ወዳጄም የኔታ አርጅተዋል፣ ቃል መምረጥ ትተዋል አልሁት። በሦስተኛው ቀን ሄጄ፣ "የኔታ፣ ጥፋቴን ዐውቄያለሁ፤ ነገር ግን ለብቻዬ ቢነግሩኝ ምን ነበረ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም፣ "አንተስ ለብቻህ ነው የካድኸው?" አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

አንድ ሰው ዛሬ መጥቶ፣ የኔታና ያ ሽማግሌ አንተን ለማስተማር አስቀድመው ተማክረው ያደረጉት ነው ቢለኝ፣ እንደ ደስታ አልቈጥረውም። ያዳነኝ የኔታ በእውነት ማዘናቸው ነበር። የጴጥሮስ ዝምታም እንዲሁ ነው። አፈወርቅ ዝምታውን የምክሩ ማስረጃ አደረገው፤ እኔ ግን ቃል እንዳጣ ሰው ዝምታ እቈጥረዋለሁ። ሁለቱም ሳይጻፍ ቀርቷልና በዚህ አልከራከርም። የተጻፈው ግን በኋላ ነው። በመጀመሪያይቱ መልእክቱ በምዕራፍ 2 ምዕመናን ሊያስወግዷቸው ከሚገቡ ነገሮች ጋራ ግብዝነትን ቈጠረ፤ በምዕራፍ 1 ደግሞ እግዚአብሔር ለፊት ሳያዳላ እንደሚፈርድ አሳሰበ። በሁለተኛይቱም በምዕራፍ 3 ጳውሎስን የተወደደ ወንድም ብሎ፣ በመልእክታቱ ሁሉ የተጻፈውን ጥበብ አመሰገነ። የአንጾኪያው ነገር ከእነዚያ መልእክታት በአንዱ ተጽፎ በየአብያተ ክርስቲያናቱ የሚነበብ ነው።

በዘመናችን ደግሞ ሌላ ትርጓሜ ተነሥቷል፤ ግብዝ እንዳልባል ጾሙን ትቻለሁ፣ ግብዝ እንዳልባል ከቍርባን ርቄያለሁ የሚል። ይህ ሰው ጴጥሮስን ይመስላል እንጂ ከጴጥሮስ አልተማረም። እርሱም ሰውን ፈርቶ ከማዕድ ተለይቷል። ጳውሎስ ጴጥሮስን የወቀሰው ከማዕዱ ወደ ኋላ በማለቱ ነው፤ ከማዕዱ ስለ ተቀመጠ አይደለም።

ከየኔታ ዘንድ ወጥቼ በዚያው ቀን ወደ መንደሩ ዳር ሄድሁ። ሴትዮዋ ካረፈች ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። ሽማግሌው ወናፉን ይዞ ተቀምጦ አገኘሁት። እግሩን ልስም ብዬ ስጎነበስ ከለከለኝ። እጁን ታጥቦ ቂጣና ጨው አቀረበ፤ ስለ ዳሱ ነገር አንድ ቃል አላነሣም፤ ትምህርቴን የት የት እንደ ተማርሁ ብቻ ጠየቀኝ። ቀጥሎም "በል መምህር፣ ባርክ" አለኝ። እጄን ዘርግቼ መጀመር አቃተኝ። አቡነ ዘበሰማያትን እርሱ ጀመረው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።